ደጅ ጠኚውና ባለወንበሩ፤ በቅርቡ ስላየናቸው ስድስት ፊልሞች

ፊልም አይቶ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ደስ ይላል ወይ?» ይባላል። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ፊልም ሲያዩት ደስ አሰኝቶ በማግሥቱ ይረሳል፤ ሌላው ደግሞ ሲያዩት አስጨንቆ፣ ከወር በኋላ በሥራ ገበታችን ላይ ተቀምጠን ሳለን ሳንጠራው መጥቶ ከፊታችን ይቆማል። ዛሬ አስተያየታችንን ልንሰጥባቸው ያሰብናቸው ስድስት ፊልሞች ከሁለተኛው ወገን የሚቈጠሩ ናቸው።

ፊልሞቹን ባለፉት ጥቂት ሳምንታት ማታ ማታ ከወዳጆቻችን ጋር ሆነን አየናቸው። ስንመርጣቸው በአንድ ነገር ላይ የሚናገሩ ይሁኑ ብለን አልነበረም። አንዱ የኢጣልያ፣ አንዱ የሴኔጋል፣ አንዱ የጃፓን፣ ሁለቱ የእንግሊዝ፣ አንዱም የአገራችን ነው። የመጀመሪያው በ1948 የተሠራ ሲሆን የመጨረሻው በ2022 የወጣ ነው፤ ዓመቶቹንም ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢያችን ይወቅልን። ይሁን እንጂ ሁሉንም አይተን ከጨረስን በኋላ አንድ ነገር ታወቀን። በስድስቱም ፊልሞች ውስጥ አንድ ችግረኛ ሰው ጉዳዩን ይዞ ከአንድ መስኮት ወይም ከአንድ ጠረጴዛ ፊት ይቆማል፤ ከወዲያ በኩል የተቀመጠውም ሰው ቀና ብሎ አያየውም።

ለዚህ ነገር ቋንቋችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ስም አለው፤ ደጅ ጥናት ይባላል። ቀድሞ ተሟጋቹና ሹመት ፈላጊው ከጌታ ደጅ እየዋለ ጉዳዩ እስኪታይለት ድረስ ይታገሥ ነበር። ዛሬ የጌታው ደጅ በመሥሪያ ቤት መስኮት ተተካ እንጂ መጠበቁ አልቀረም። ስለዚህ እነዚህን ልዩ ልዩ ፊልሞች በአንድ ሚዛን ልንመዝናቸው ወደድን። ሚዛናችንም ይህ ነው፤ ፊልሙ ሰው አድርጎ የሚያሳየን ደጅ ጠኚውን ብቻ ነው ወይስ ባለወንበሩንም? ለደጅ ጠኚው ማዘን ቀላል ነው፤ በባለወንበሩ መቈጣትም ከዚያ የባሰ ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ ፊልሙን የሚያየው ባለወንበር በዚያ ውስጥ የገዛ ፊቱን እንዲያይ ማድረግ ነው።

በመጀመሪያ ያየነው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ያዘጋጀውን «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሮማ ከተማ ሥራ ፈትቶ የኖረ አንቶኒዮ ሪቺ የሚባል ሰው ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት የሚጠይቅ ስለ ሆነ ሚስቱ ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቿን አስይዛ በመያዣ የነበረውን ብስክሌት ታስለቅቅለታለች። ብስክሌቱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል፤ አባትና ትንሽ ልጁም ሊፈልጉት በከተማው ውስጥ ሲንከራተቱ ይታያሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። አባትየውን ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ በሙያው ተዋናይ አልነበረም፤ ይህም በአካሄዱና በእጆቹ አያያዝ ይታወቃል።

በዚህ ፊልም ውስጥ የመያዣውን ቤት የመሰለ ነገር አላየንም። ማሪያ አንሶላዎቿን በመስኮቱ አሳልፋ ትሰጣለች፤ ሠራተኛውም ዋጋውን ይነግራታል፤ ጥቂት እንዲጨምርላት ስትለምነው ፊቷን አይቶ ይጨምርላታል። ከዚያም ሌላ ሠራተኛ ጥቅሉን ተሸክሞ በመደርደሪያው ላይ መውጣት ይጀምራል። ካሜራው ሲከተለው፣ መደርደሪያው ከታች እስከ ላይ በሌሎች ሰዎች አንሶላ የተሞላ መሆኑን እናያለን። አንድ ቃል ሳይነገር የአንድ ቤት ችግር የከተማ ችግር መሆኑ ተገለጠ። የፖሊስ ጣቢያውም ክፍል እንደዚሁ ነው። ሹሙ አንቶኒዮን አልሰደበውም፣ አላባረረውምም፤ ነገሩን በሥርዓት መዘገበና ብስክሌትህን አንተው ራስህ ፈልገው አለው። ደንቡ ተፈጸመ፤ ሰውዬው ግን ምንም አላገኘም። በመጨረሻ አንቶኒዮ በተራው ብስክሌት ሊሰርቅ ሞክሮ በሕዝብ ፊት ሲያዝ፣ ልጁ ሲያለቅስ አይቶ የሚለቀው ባለንብረቱ ነው። ለመስረቅ የተነሣውን ሰው እንደ ሰው ያየው መዝጋቢው ሳይሆን የተበደለው ባለብስክሌት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። እንከን እንፈልግለት ብንል፣ ሙዚቃው አንዳንድ ጊዜ እኛ ሳናዝን ቀድሞ ሊያዝንልን መሞከሩን እንወቅሳለን።

ከዚህ በኋላ «ማንዳቢ»ን አየን። የቃሉ ትርጉም በወሎፍ ቋንቋ ሐዋላ ማለት ነው። አዘጋጁ ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በወጣትነቱ በማርሴይ ወደብ ጭነት እያወረደ የኖረ፣ በኋላም በፈረንሳይኛ የሚጽፍ ደራሲ የሆነ ሰው ነበር። መጽሐፎቹን ማንበብ የማይችለው የአገሩ ሕዝብ ነገሩን በገዛ ቋንቋው ሰምቶ እንዲያይ ሲል ወደ ፊልም ሥራ ገባ፤ በ1968 የወጣው ይህ ፊልምም በወሎፍ ቋንቋ የተሠራ የመጀመሪያው ረዥም ፊልም ነው።

ኢብራሂማ ዲዬንግ በዳካር ከተማ የሚኖር ሥራ ፈት ነው፤ ሁለት ሚስቶችና ሰባት ልጆች አሉት። አንድ ቀን በፓሪስ መንገድ እየጠረገ ከሚኖረው የእኅቱ ልጅ የ25,000 ፍራንክ ሐዋላ ይደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ 20,000ው ለላኪው እንዲቀመጥለት፣ 3,000ው ለላኪው እናት እንዲሰጥ፣ ለዲዬንግ ደግሞ 2,000 ብቻ እንዲሆን ተነግሯል። ገንዘቡ ገና ሳይያዝ ወሬው በሰፈሩ ይሰማል፤ ባለሱቁ በዱቤ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሊበደር ይመጣል። ዲዬንግ ፖስታ ቤት ሲደርስ መታወቂያ ይጠየቃል፤ የያዘው የግብር ደረሰኝ አይበቃም። መታወቂያ ለማውጣት የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፎቶግራፍና የቴምብር ገንዘብ ያስፈልገዋል። የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ደግሞ የተወለደበትን ቀን ማወቅ አለበት፤ እሱም ቀኑን አያውቅም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአገራችን ተረት ለዚህ ሰው የተተረተ ይመስላል።

ይህን ፊልም ያየ ኢትዮጵያዊ የራሱን አገር ያየ ያህል ይቈጥረዋል። ከፖስታ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ደብዳቤ እያነበበ የአገልግሎት ዋጋ የሚጠይቀው ጸሐፊ በየፍርድ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ከምናውቀው ማመልከቻ ጻፊ አይለይም። ከውጭ አገር የሚላክ ገንዘብ ስንት ቤት እንደሚያቆምና ስንት ዘመድ እንደሚያጣላም ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም። የሴምቤን ብልኅነት ግን ከዚህ ያልፋል፤ ደጅ ጠኚውን መልአክ አላደረገውም። ዲዬንግ በልቶ የሚያገሳ፣ በሰፊ ቀሚሱ የሚጀነን፣ በሚስቶቹ ላይ የሚታበይ ሰው ነው። እናውቀዋለን፤ እንስቅበታለን፤ ስቀን ሳንጨርስ እናዝንለታለን። በመጨረሻ ውክልና የሰጠው የተማረ ዘመዱ ገንዘቡን አውጥቶ ወስዶ፣ ተሰረቅሁ ብሎ አንድ ከረጢት ሩዝ ሲሰጠው፣ የሚያናድደን ሌብነቱ ብቻ ሳይሆን የሌባው ትሕትና ነው። ይሁን እንጂ በሚዛናችን አንድ ነገር ጐደለው። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጡት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከየት እንደ መጡ፣ ስለምን እንዲህ እንደ ሆኑ አይታወቅም። የማርሴዩ ወዛደር የወገነው ለተሰላፊው ነውና አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ፊልሙን የሚያይ ሹም «እኔ እንደነዚህ አይደለሁም» ብሎ በቀላሉ ሊያመልጥ ይችላል።

ሦስተኛው የእንግሊዛዊው የኬን ሎች ሥራ ሲሆን «እኔ ዳንኤል ብሌክ» ይባላል፤ በ2016 በካን ከተማ በዓል የመጀመሪያውን ሽልማት አገኘ። ዳንኤል በኒውካስል ከተማ የሚኖር የ59 ዓመት አናጢ ነው። ልቡን ታሞ ሐኪሙ ሥራ ከልክሎታል፤ የመንግሥቱ መርማሪ ግን ለሥራ ብቁ ነህ ብላ ርዳታውን ታስቀርበታለች። ፊልሙ የሚጀምረው በጥቁር መጋረጃ ላይ በሚሰማ ድምፅ ነው፤ መርማሪዋ ስለ ክንዱና ስለ እግሩ ትጠይቀዋለች፣ እሱ የታመመው ልቡ መሆኑን ይነግራታል፣ እሷም ወደ ጥያቄዋ ትመለሳለች። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ በስልክና በኢንተርኔት ይሆናል። መዶሻ እንጂ ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ቅጹን በማሽን ሙላ ይባላል፤ በስልክ ሲጠይቅም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሙዚቃ እየሰማ ይጠብቃል። «ጉዳዩ በማሽን ከሆነ ደጅ ጥናት ይቀራል» ለሚሉ ወዳጆቻችን ይህ ክፍል ጥሩ መልስ ነው፤ መስኮቱ ጠፋ እንጂ ጥበቃው አልጠፋም፤ እንዲያውም የሚለመን ፊት እንኳ ታጣ።

በዚህ ፊልም ያደነቅነው ብዙ ነው። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ኬቲ ምግብ ከሚታደልበት ቤት ገብታ፣ ርኃቡ አላስችል ብሏት ጣሳውን እዚያው ከፍታ በእጅዋ ስትበላ የምትታይበትን ክፍል እስካሁን አልረሳነውም። በዚያው መሥሪያ ቤት የምትሠራው አንም ልታስታውሰን ይገባል፤ ዳንኤልን አጠገቡ ቁጭ ብላ ስታግዘው አለቃዋ ትገሥጻታለች። ባለወንበሩም ከበላዩ ባለወንበር እንዳለበት በጥቂት ደቂቃ ታየ። የምንወቅሰው ሎች ይህን ጀምሮ በመተዉ ነው። ከአን በቀር የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ክፉዎች፣ ድኾቹ ሁሉ ደጋጎች ናቸው፤ እንዲህ ያለው ክፍፍል ለሰልፍ ይበጅ እንደ ሆነ እንጂ ለእውነት አይበጅም።

የአገራችን ፊልም «ድፍረት» በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተዘጋጅቶ በ2014 የወጣ ነው። ስሙ ራሱ ሁለት ትርጉም አለው፤ ጀግንነትንም በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸመውን በደልም ይገልጣል። ታሪኩ በ1990ዎቹ በእርግጥ በሆነ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ሂሩት የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለችም፤ ስታመልጥ የጠለፋትን ሰው በጠመንጃ ትገድለዋለች፤ ሕግ ዐዋቂዋ መዓዛ አሸናፊም ራሷን ስትከላከል ነው ብላ ትሟገትላታለች። ነገሩ በዘመኑ ቀላል አልነበረም። በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባት ከቅጣት እንዲድን ይፈቅድ ነበር፤ ይህ የተወገደው በ2005 ሥራ ላይ በዋለው በዐዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ፊልሙ የሚያሳየን ጥብቅና ከዚያ ለውጥ በፊት የተደረገ ነው።

በአማርኛ የተነገረ፣ በገዛ ምድራችን ላይ የተቀረጸ፣ ጉዳዩም የገዛ ጉዳያችን የሆነ ፊልም ስናይ ልባችን እንደ ተነካ አንሸሽግም። የአገር ሽማግሎች ከዛፍ ሥር ተሰብስበው ስለ ሟቹና ስለ ልጅቱ የሚነጋገሩበት ክፍል የፊልሙ ጌጥ ነው፤ እያንዳንዱ የሚናገረው ትክክል ባይሆንም ምክንያት አለው፤ ካደገበት ልማድ የወጣ ምክንያት ነው። የፖሊስ ጣቢያው ሰዎች ግን እንዲህ አልታደሉም፤ ግድግዳ ሆነው ቀሩ። ጠበቃዋም አንዳንድ ጊዜ ለሰው ሳይሆን ለመዝገብ የምትናገር ትመስላለች። እውነተኛ ታሪክ መሆኑ ደራሲውን ያስፈራው ይመስለናል፤ የታወቀን ሰው በፊልም ሲያቆሙት አክብሮት ያስራል። ሆኖም ተማሪዎቻችን ሊያዩት ይገባል እንላለን፤ አንድ ሰው ሕግን አጥብቆ ይዞ ከመስኮቱ ፊት አልንቀሳቀስም ሲል ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስተምራቸው የአገራችን ፊልም አላየንምና።

አሁን ወደ ልባችን ፊልም ደረስን። አኪራ ኩሮሳዋ በ1952 ያዘጋጀው «ኢኪሩ» ይባላል፤ መኖር ማለት ነው። ዋታናቤ በከተማው ማዘጋጃ ቤት የአንድ ክፍል ሹም ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከሥራው አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም፤ አንድ ሥራም ሠርቶ አያውቅም። ወረቀት ይመጣለታል፤ ማኅተም ያደርግበታል፤ ያሳልፈዋል። ማኅተሙን የሚወለውልበት ወረቀት ሲያጣም ከመሳቢያው አንድ አሮጌ ጽሑፍ አውጥቶ ገጹን ይቀዳል፤ ጽሑፉ የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ለማሻሻል በወጣትነቱ ያዘጋጀው ሐሳብ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን የመሥሪያ ቤት ታሪክ በሁለት መቶ ገጽ ሊጻፍ እንደሚችል እንጠራጠራለን።

በዚያው ጊዜ ጥቂት ድኾች እናቶች በሰፈራቸው የተኛው የቆሻሻ ውኃ ደርቆ ለልጆች መጫወቻ እንዲሆን ሊያመለክቱ ይመጣሉ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይላካሉ፤ ጽዳቱ ወደ ጤና፣ ጤናው ወደ መንገድ፣ መንገዱ ወደ ሌላው እያሳለፈ ከተማውን ሲያዞራቸው ቆይቶ ከተነሡበት መስኮት ይመልሳቸዋል። እስከዚህ ድረስ ኩሮሳዋ ሴምቤን ካደረገው የተለየ ነገር አላደረገም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዋታናቤ የጨጓራ ካንሰር ይዞታል፤ የቀረው ዕድሜ በወር የሚቈጠር ነው። መጀመሪያ በመጠጥ ቤት ደስታን ይፈልጋል፤ አያገኝም። ቀጥሎ መሥሪያ ቤቱን ትታ የልጆች መጫወቻ ወደሚሠራበት ፋብሪካ ከሄደች አንዲት ወጣት ጋር ይውላል፤ የደስታዋ ምክንያት ለልጆች የሚሆን ነገር መሥራቷ መሆኑን ሲሰማ ድንገት ይነቃል። ወደ ወንበሩ ተመልሶም የእናቶቹን ማመልከቻ ያነሣል።

እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ባለወንበሩ ደጅ ጠኚ ሆነ። ያንኑ ማመልከቻ ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል፤ ከበታቾቹ ፊት ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ይቆማል፤ እምቢ ሲሉት አይሄድም፤ ይጠብቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላውን ያስቆመበትን መስኮት በወዲህ በኩል ሆኖ አወቀው። ካየናቸው ስድስት ፊልሞች ሁሉ ይህ አንድ ሐሳብ ይበልጥብናል።

ኩሮሳዋ ግን በዚህም አላበቃም። የመጫወቻው ስፍራ ተሠርቶ ዋታናቤ ከሞተ በኋላ ፊልሙ በለቅሶ ቤት ይቀጥላል። ምክትል ከንቲባው የሥራውን ክብር ለራሱ ይወስዳል፤ እናቶቹ ገብተው ከሟቹ ሥዕል ፊት ሲያለቅሱ ግን አፍሮ ይወጣል። የቀሩት ሠራተኞች እየጠጡ ይከራከራሉ፤ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ እውነቱን ያምናሉ፤ እኛም እንደ እሱ እንሥራ ብለው እያለቀሱ ይማማላሉ። በማግሥቱ ሌላ አቤቱታ ይመጣል፤ ዐዲሱ ሹምም ወደ ሌላ ክፍል ይመራዋል። አንድ ወጣት ሠራተኛ ተቈጥቶ ከወንበሩ ይነሣል፤ ሁሉም ያዩታል፤ እሱም ቀስ ብሎ ተቀምጦ ከዶሴው ክምር በስተኋላ ይሰወራል። የለቅሶው ክፍል ረዝሟል የሚሉ አሉ፤ ከወዳጆቻችንም አንዱ እንቅልፍ ይዞት ነበር። እኛ ግን ርዝመቱ ተገቢ ነው እንላለን፤ መሐላ እንዴት እንደሚወለድና እንዴት እንደሚሞት ለማሳየት ጊዜ ያስፈልጋልና።

በ2022 ካዙኦ ኢሺጉሮ ይህንኑ ታሪክ ወደ 1953ቱ ለንደን አዛውሮ ጻፈው፤ ኦሊቨር ኸርማነስም «መኖር» በሚል ስም አዘጋጀው። የቢል ናይ አሠራር የሚያስመሰግን ነው፤ ዝምታው ብቻውን ብዙ ይናገራል። ነገር ግን ፊልሙ እንደ ጀግናው ኮት በጣም የተተኰሰ ነው። በኩሮሳዋ ዘንድ የሚሸተው የቆሻሻ ውኃ በዚህኛው አይሸትም። አይቶ ማለፍ በቂ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያልነው ከሩቅ ሆነን እንዳይመስል፣ አንድ ነገር ልንናገር ይገባናል። እኛም ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጠን ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የጡረታ ጉዳያቸውን ይዘው ከሩቅ አገር መጡ። ከወረቀቶቻቸው አንዱ ጐደለ፤ የጐደለውም ከዚያው ሕንፃ ከመዝገብ ቤት የሚወጣ ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶ ስለ ነበር «አባባ፣ ከመዝገብ ቤት ያስወጡና ነገ ይምጡ» አልናቸው። «እሺ ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው እጅ ነሥተው ወጡ። በማግሥቱ አልመጡም፤ በሳምንቱም አልመጡም። ከደንብ ውጭ ያደረግነው ነገር የለም፤ እንደ ሮማው መዝጋቢ ሥራችንን ሠርተናል። ለዓመታት ረስተናቸው ኖረን፣ የጃፓኖቹ እናቶች በሰልፍ ሲዞሩ ባየንበት ሌሊት የሽማግሌው ፊት መጣብን። ደረጃውን አንድ ጊዜ ወርደን ብንወጣ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ስንስቅበት ኖረናል፤ አንዳንዱም ሳይስቅ ሥራ ላይ አውሎታል። የ«ኢኪሩ» ሹም ወንበሩን በሞት ሊለቅ ሲል የቈጨው ግን ያልበላው ሳይሆን ያልሠራው ነው። ተረቱ በዚህ መንገድ ቢታረም ለመሥሪያ ቤቶቻችን ከብዙ መመሪያ የበለጠ ይጠቅም ይመስለናል።

ስለዚህ ፍርዳችንን እንዲህ እንሰጣለን። በአሠራሩ እንከን የለሽ ለመሆን የቀረበው «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ስቆ ለማዘን የሚሻ «ማንዳቢ»ን ይመልከት። «ድፍረት»ን መምህራን ለተማሪዎቻቸው አሳይተው ያወያዩበት፤ «እኔ ዳንኤል ብሌክ»ንም ጉዳይን ሁሉ ወደ ማሽን ለማዛወር የሚያስቡ ሰዎች ይዩት። «ኢኪሩ»ን ግን በወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ብቻውን ሆኖ፣ በሰንበት ማታ፣ ሰኞ ጧት ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት እንዲያየው እንመክራለን። ያ ወጣት ሠራተኛ ተነሥቶ ከተቀመጠበት ከዶሴው ክምር በስተኋላ የትኛችን እንዳለን ለማወቅ ሰኞ ጧት የሚመጣው የመጀመሪያው ባለጉዳይ ይበቃል።